ማግኔት ያልያዘው ቤት

ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ዝዋይ እንዴት ነው?» ይለኛል። ስለ ሐይቁ እንዳወራለት ነው የሚፈልገው። ሐይቁን ግን በደንብ አላየሁትም። የሄድኩት ቤት ልመርጥ ነበር፤ ቤቱም ጎማ አለው። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛልና ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ኮልፌ ውስጥ ሰባት ቤት ቀይሬያለሁ። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል፣ ከቤቴል ወደ ጦር ኃይሎች፣ እንደገና ወደ ቤቴል። ሁሉም ሰርቪስ ቤት ናቸው፣ ሁሉም ያፈሳሉ፣ ከሁሉም አንድ ቀን «ልቀቂ» ተብያለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ደብተር ይጠፋብኛል፤ የጠፋውን በቃሌ ስጽፈው ያጥራል፣ ሲያጥር ደግሞ ይሻላል። በዚህ በዚህ ተማርኩ።

ዘንድሮ አከራዬ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ ሊያገባ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብትለቂልኝ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ወንበር ላይ እንኳን እግሬ አያርፍም። ግን ደስ ብሎኝ መሄድና ሂጂ ተብዬ መሄድ አንድ አይደሉም። ከእንግዲህ የምሄድ ከሆነ ቤቴም አብሮኝ ይሂድ አልኩ።

የመኪና ቤት ማለቴ ነው፤ ከኋላው አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው። አዲሱ የእኔ አቅም አይደለም። አሮጌ ይሁን፣ ግን ሲሠራ በደንብ የተሠራ፣ እያደስኩ የምኖርበት። ሁለት እንዳሉ በስልክ አጣራሁ፤ አንዱ ቡታጅራ፣ አንዱ ዝዋይ። ስለ መኪና ግን የማውቀው ነገር ስለሌለ የሰፈራችንን ሰው ጋሽ ሙርጋን ለመንኩ።

ጋሽ ሙርጋ ባትላሜራ ናቸው፤ የተጨራመተ የመኪና አካል ቀጥቅጠው ወደ ቦታው ይመልሳሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይህን ሥራ ሠርተዋል። ኪሳቸው ውስጥ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ሥራቸው ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው። «የተጋጨ መኪና በስቱኮ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ሙሽራ ይመስላል» ይላሉ። «ማግኔት ግን ቀለም አያይም። ላሜራ ካለ ይይዛል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል።»

ቃላቸው አጭር ነበር። «ማግኔቴ ከያዘው ጋራዤ ግቢ ውስጥ እናቆመውና አብረን እናድሰዋለን። ካልያዘው ግን እንዳትለምኚኝ።»

ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አየር ጤና መነሃሪያ ደረስን። ንፋሱ ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በኩል ይመጣ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ዘግቶ ተቀምጧል። ጋሽ ሙርጋ ቲኬቱን ሰጡኝና «ወንበራችን ስንት ቁጥር ነው? መነጽሬን ረስቼ ነው» አሉኝ። መነጽር አድርገው አይቻቸው አላውቅም፤ ቢሆንም አነበብኩላቸው።

ዓለም ገና ሳንደርስ ሦስት ጊዜ ወንበር ቀየርኩ፤ መጀመሪያ ፀሐይ አስቸግሮኝ፣ ቀጥሎ ፀሐይ ናፍቆኝ፣ በመጨረሻም ያለ ምክንያት።

«ትዕግሥት ብለው ስም ያወጡልሽ ሰዎች ተሸውደዋል» አሉ ጋሽ ሙርጋ።

«አባቴ ነው ያወጣው።»

«አባትሽ ምኞቱን ነው የተናገረው።»

አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግረን ጢያ ስንደርስ አውቶቡሱ ለአሥር ደቂቃ ቆመ። ድንጋዮቹን ልይ ብዬ ሮጥኩ። አጥሩ ጋ ሳልደርስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገነጠለ። እንደ አንካሳ እየጎተትኩ ስመለስ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በመስኮት ያየኛል። ስለ ጢያ ትክል ድንጋይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጽሑፍ ያንብብ፤ እኔ ያየሁት አጥሩን ነው።

ቡታጅራ ከምሳ በፊት ገባን። አየር ጤና ላይ መንገድ ብትጠይቅ ረዳቱ ክንድህን ይዞ ታክሲ ውስጥ ያስገባሃል። እዚህ መንገድ የጠየቅኩት ባለ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና እስከ መታጠፊያው በእግሩ ሸኘኝ። አጭበርባሪ መስሎኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ምንም ሳይጠይቀኝ ተመልሶ ሄደ፤ አፈርኩ።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ደሳለኝ ይባላል፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ቤቱን ከመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነው የገዛው። በአሮጌ የጭነት መኪና ቻንሲ ላይ የተበየደ የብረት ሳጥን ነው፤ በአረንጓዴና በነጭ አዲስ ተቀብቷል። ጋሽ ሙርጋ ጨርቁን ፈተው ማግኔታቸውን አወጡ። ጠቅ። አንድ እርምጃ ሄደው፣ ጠቅ። ዙሪያውን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ፊታቸው በራ።

«ብረት ነው» አሉ። «ስቱኮ የሚባል ነገር አልነካውም።»

እኔ ደግሞ ሌላ ሌላውን አያለሁ። የመስኮቱ ጎማ ሳይቀር ቀለም ተቀብቷል። ከየብሎኑ ሥር የወረደውን የዝገት እንባ በቀለም ሸፍነውታል። በሩም ብገፋው አልዘጋ አለኝ።

«ጠባዩን ካወቁለት ይዘጋል» አለ ደሳለኝ።

«ጠባዩ ምንድን ነው?»

«ጉልበት» አለና በጉልበቱ መታው። ተዘጋ።

የዝዋዮቹን ሰዎች እንመጣለን ብለናቸው ስለነበር ነገ አይተን እንመለስ ተባባልን። ጋሽ ሙርጋ ግን ልባቸው ቆርጧል፤ ዝዋይ የምንሄደው ለይሉኝታ ነው። ደሳለኝ «እስከ ነገ ወዲያ እጠብቃችኋለሁ፤ ሌላ ፈላጊም አለኝ» አለ። ሌላ ፈላጊ የሌለው ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም።

ያደርንበት ቤርጎ የወይዘሮ ዘይነባ ነው። በር ላይ እግሬን አይተው «ጫማሽ አፉን ከፍቷል፤ ምን እያለሽ ነው?» አሉኝ። ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጥተውኝ የእኔን ወሰዱት። ነጠላ ጫማው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ስሄድ ጧ ጧ እያልኩ ነው። እራት ክትፎ በቆጮ በላን። ጋሽ ሙርጋ የተወለዱት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። «እኛ ሰፈር የሚደርሰው ቆጮ ጡረታ የወጣ ነው» አሉኝ። «ሥራ ላይ ያለውን አሁን ቅመሺ።»

ሁለተኛው ቀን

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሼ የምትባል ከተማ አለች። ረዳቱ «ቆሼ ወራጅ!» ሲል እጄ ሳላዝዘው ወደ አፍንጫዬ ሄደ። የእኛን ቆሼ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ይህቺ ቆሼ ግን የማረቆ በርበሬ አገር ናት፤ በር ሲከፈት ሚኒባሱ በሙሉ አነጠሰ። ጋሽ ሙርጋ አምስት ጊዜ አነጠሱና «ይሄኛው ቢሸትም ይበላል» አሉ።

ዝዋይ ሙቀት ነው። አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መንገድ ዳር እንደ ጡረተኛ ጸሐፊ ይመላለሳሉ። የሁለተኛው ቤት ባለቤት ጋሽ ገመዳ ሐይቁ ዳር ግቢ አላቸው፤ በሞተር ጀልባ ሰው ወደ ደሴቶቹ ያሻግራሉ። የመኪናውን ነገር እንዲህ ብለው ነገሩኝ። ባልና ሚስት ፈረንጆች ከአገራቸው ድረስ እየነዱት መጥተው እሳቸው ግቢ አረፉ። ሚስትየዋ ታመመችና በአውሮፕላን ተመለሱ። ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን በጋሽ ገመዳ ስም አዙረው ላኩላቸው። ሊብሬው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት፣ ማዕዘኖቹ ክብ ክብ ናቸው፤ አቧራ ጠጥቷል። ውስጡ ገብቼ አንድ መሳቢያ ሳብኩና ለቀቅኩት፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ራሱን ዘጋ። ደግሜ ሳብኩት፣ ደግሞ ዘጋ። የጠረጴዛው እግር ታጥፎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ከግድግዳው ጋር ሲገናኝ ክፍተቱ ጸጉር አያሳልፍም። ይህን የሠራው ሰው ማንም የማያየውን ቦታ እንኳን አልተወም። ግጥም ስጽፍ እንዲህ መሆን ነው የምመኘው።

ውጪ ጋሽ ሙርጋ ማግኔቱን አስጠጉ። ወደቀ። አንስተው አቧራውን አራግፈው ሌላ ቦታ ሞከሩ። ወደቀ። ዙሪያውን ሄዱ። አንድም ቦታ አልያዘም።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቱኮ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ይሄን የሠራው ሰው ላሜራ ጠፍቶበት ነው ወይስ ፈሪሃ እግዚአብሔር?»

ጋሽ ገመዳ «ይሁን። ምሳ ደርሷል» አሉ።

ወደ ምሳው ስንሄድ የኋላውን ማዕዘን አየሁት። አንድ ነገር መትቶት የጣት ጫፍ የምታህል ስብራት አለች። ስብራቷ ውስጥ ክር አለ፤ እንደ ቃጫ የተሸመነ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተላለፈ። ጋራዥ ውስጥ የተሰበረ ስቱኮ አይቻለሁ፤ እንደ ብስኩት ነው የሚፈረፈረው፣ ክር የለውም። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሙርጋ እጃቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ብለው ነበር። እኔ ማን ነኝና እሳቸውን አስተምራለሁ? አፌን መልሼ ዘጋሁ።

የጋሽ ገመዳ ባለቤት እትዬ ሎሚ የጠበሱት ዓሣ ኮልፌ ከምበላው ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገናኘው። ዛፍ ሥር ተቀምጠን ግማሹን ሳንበላ ዝናብ ሳይጠራ መጣ። ትሪውን ይዘን የቀረበን ቦታ ገባን፤ የቀረበን ደግሞ መኪናው ነው። አራታችን አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረን መብላት ቀጠልን። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። እኔ እንደ ልማዴ ቀና ብዬ የሚያፈሰውን ቦታ ፈለግኩ፤ ቤቴል ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የማስበው ባልዲ ነው። ባልዲ የሚያስፈልግበት ቦታ አጣሁ።

«ጋሽ ሙርጋ፣ አያፈስም።»

ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ዛሬ አላፈሰም ይሆናል» አሉ። «ስቱኮ ግን ስቱኮ ነው።»

ዝናቡ ሳያባራ ትራንስፖርት አለቀ። ጋሽ ሙርጋን ቤት ውስጥ፣ እኔን መኪናው ውስጥ አሳደሩን። አንድም ጊዜ ሳልነቃ ነጋ። እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ወደ ቡታጅራ ተመለስን። ቀብድ ልንሰጥ ነው። ዝናቡ እዚያም ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ኩሬ ነው። ሳንጠራ ግቢው ስንገባ ደሳለኝ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከብረቱ ቤት ውሃ በጆግ እየቀዳ ያፈሳል።

«እያጠብኩት ነው» አለ።

አጥሩ ላይ የተደገፈው ፍራሽ ውሃ ያንጠባጥባል። «ፍራሹንም?» አልኩት።

«እሱም ቆሽሾ ነበር።»

ጋሽ ሙርጋ ማግኔቱን አስጠጉ። ጠቅ አለ። ውሃው ከማግኔቱ ሥር እየወረደ እንኳን አልለቀቀም። «ብረቱ ደህና ነው፤ ስፌቱን እኔ እዘጋዋለሁ። ቀብዱን ስጪው» አሉኝ።

ደሳለኝ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ከወሩ የቀሩት ቀናት፣ የጋራዡ ግቢ፣ የጋሽ ሙርጋ ቃል፣ ሁሉም ይህን ቤት ውሰጂ ይላሉ። ከበሩ በላይ ግን ብየዳው ተለያይቶ ሰማይ ይታየኛል፤ ጣቴ የሚገባበት ክፍተት ነው።

«ጋሽ ሙርጋ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ስፌት አይተውታል?»

ቀና አሉ። «አየሁት። ትንሽ ነው» አሉ። ያዩት በሌላ በኩል ነበር፤ ክፍተቱ በስተቀኝ፣ ፊታቸው በስተግራ።

የቲኬቱ ቁጥር ትዝ አለኝ። ትናንት ማግኔቱ በወደቀ ቁጥር ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው እየዳበሱ ሲፈልጉት እንደነበርም ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ዝዋይ ያለው ስቱኮ አይደለም» አልኩ። «ኋላው ላይ ስብራት አለ፤ ስብራቱ ውስጥ ክር አለ። እንደ ቃጫ የተሸመነ።»

«መቼ አየሽው?»

«ትናንት፣ ከምሳ በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማግኔቱ ወድቆ ነበር። እርስዎም ፈርደው ነበር።»

ጋሽ ሙርጋ ማግኔቱን ከግድግዳው ነቅለው በጨርቁ ቀስ ብለው ጠቀለሉት። «ማግኔት ዓይን የለውም» አሉ። ከዚያ ደሳለኝ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔንም ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ከርሟል። ጋራዥ ውስጥ ማንም አያውቅም፤ ካወቁ ማን መኪናውን ያምነኛል?» አሉ።

ደሳለኝ ገላገለን፤ «እና ቀብዱስ?» አለ።

«መጀመሪያ ፍራሽህ ይድረቅ» አሉት ጋሽ ሙርጋ።

ነጠላ ጫማውን ልመልስ ወይዘሮ ዘይነባ ጋ ስገባ ጫማዬ በር ላይ ጠበቀኝ፤ ተሰፍቶ፣ ተወልውሎ። ልክፈል ብል «ቤትሽን ይዘሽ ስታልፊ አሳዪኝ፤ እሱ ነው ክፍያዬ» አሉ። ገና ቤት የለኝም አላልኳቸውም።

ዝዋይ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ጋሽ ሙርጋ ግቢው መሃል ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትናንት በቤትዎ አፌን ከፍቻለሁ። እንደገና እንዳየው ይፍቀዱልኝ» አሉ።

ጋሽ ገመዳ እጃቸውን ይዘው ወደ ውሃው ዳር ወሰዷቸው። ጀልባቸው ተገልብጣ ተደፍታለች። «ማግኔትዎን ያውጡ» አሉ። አስጠጉት። ወደቀ።

«ይህችም ስቱኮ ናት? ሰው የማሻግርባት ናት።»

«ምንድን ናት ታዲያ?»

«ፋይበር። ጨርቁን በሙጫ እየነከሩ ሽፋን በሽፋን ነው የሚሠሩት። መኪናውም እሱው ነው። ውሃ አያውቀውም፣ ዝገት አያውቀውም።»

ጋሽ ሙርጋ ጀልባዋን ሲዳብሱ ቆዩ። «ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«እንግዳ ነዎት። እጅዎን ሳይታጠቡ፣ እህል ሳይቀምሱ ተሳስተዋል ልበልዎት?»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ከምሳ በኋላማ ዘነበ።»

እትዬ ሎሚ ከጓሮ ሆነው ሳቁ። እኔ፣ ጋሽ ገመዳና እትዬ ሎሚ፣ ሦስት ሰው በጨዋነት ዝም ብለን ቤቱን ለጥቂት አሳልፈነው ነበር።

ከዚያ ጋሽ ሙርጋ ሥራ ጀመሩ፤ ማግኔቱ ኪሳቸው ገባ። በጣት አንጓ እየመቱ በጆሯቸው ይሰማሉ፣ በመዳፋቸው ይጫናሉ፣ ቁም ሳጥኖቹን እየከፈቱ እርጥበት እንዳለ ያሸታሉ። ከኋላው መስኮት ሥር አንድ የለሰለሰ ቦታ አገኙ፤ ለመጠገን የሁለት ቀን ሥራ ነው አሉ። መጨረሻ ላይ መሬት ተኝተው ከሥር ገቡና ማግኔቱን ከቻንሲው ጋር አገናኙት። ጠቅ።

«እዚህስ ይዟል» አሉ ከሥር ሆነው። «ውሰጂው።»

ተዋዋልን።

አራተኛው ቀን

የመኪናው ባትሪ ሞቷል። ጋሽ ገመዳ የጀልባቸውን ባትሪ አምጥተው ገጠሙ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ፤ ነጭ ጭስ ለቀቀና አባ ኮዳዎቹ እያጉረመረሙ በረሩ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ጋሽ ገመዳ «እኔ አደርሳችኋለሁ፤ ኮልፌንም አይቼ አላውቅ» ብለው መሪውን ያዙ።

ሽማግሌዎቹ ቆሼ ሳንደርስ አንተ ተባባሉ። «ማርሹን አትቆጣው» ይላሉ ጋሽ ሙርጋ። «አንተ ማግኔትህን ጠብቅ» ይላሉ ጋሽ ገመዳ። እኔ ኋላ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና እየሄደ ወንበር ሳይሆን ክፍል መቀየር ቻልኩ። አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ጋ፣ ምድጃው ጋ፣ እንደገና አልጋው ላይ።

ቡታጅራ ላይ ወይዘሮ ዘይነባ ወጥተው መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ዘጉ። «ማድቤቱ ከእኔ ይሻላል» ብለው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ምድጃው ላይ አስቀመጡልኝ።

ዓለም ገና ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሁለት ጊዜ ዞሮት «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ቤት ነው» አልኩት ከኋላው መስኮት።

«ቤት ከሆነ ካርታውን አምጪ።»

«መኪናም ነው» አሉ ጋሽ ገመዳ ሊብሬውን እየሰጡት። አይቶ መለሰላቸውና የበሩን መሰላል ረግጦ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። «ኪራይ የለበትም ማለት ነው?» አለኝ፤ አሁን ድምፁ የፖሊስ አልነበረም።

አየር ጤና ስንገባ ንፋሱ እንደተለመደው ከቆሼ በኩል ነበር። ጋሽ ገመዳ የቆሼ ንፋስ ነው ስላቸው የበርበሬውን ቆሼ አስበው አፍንጫቸውን ለማነጠስ አዘጋጁ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጉ። አንድ የታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከጎናችን እየሄደ «እህት፣ ስንት ክፍል ነው?» ብሎ ጮኸ።

ጋራዥ ግቢ ስንገባ ሠራተኞቹ መዶሻቸውን እየጣሉ ወጡ። አንደኛው የራሱን ማግኔት አውጥቶ ግድግዳው ላይ አደረገ። ወደቀ። ሌላ ቦታ ሞከረ። ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሸጠልዎት? ስቱኮ እኮ ነው» አለ። ሌሎቹ ሳቃቸውን ለመያዝ ወደ መሬት አዩ።

ጋሽ ሙርጋ ማስረዳት ይችሉ ነበር፤ ፋይበር ነው ብለው ያልፉታል፣ ሌላውን ማንም አይጠይቅም። ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«እኔም እንደ አንተ ነው ያልኩት» አሉ። «ያየችው እሷ ናት። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ዛሬ አይደለም የደከመው። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ግቢ የሚገባውን እጄ ያውቀዋል፣ የሚታየውን ግን እናንተ ትነግሩኛላችሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጠያቂው ማግኔቱን ከመሬት አነሣና ኪሱ ከተተ። ጋሽ ገመዳ የመኪናውን ቁልፍ ሰጡኝ።

«ትዕግሥት፣ ነይ» አሉ ጋሽ ሙርጋ። «ከፊት ጀምሪ። ምን ይታይሻል?»

ከግራው መብራት ጀመርኩ። ከመብራቱ ሥር ስንጥቅ አለች፣ የጣት ርዝመት አላት፣ ወደ ታች ትወርዳለች አልኩ። እጃቸው መጥቶ አገኛት።

«ከዚያስ?» አሉ።